አዎን፤ ግን…

የሕግ ትምህርት ቤት ልጆች «የማያገባህ ገባህ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። እኔ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የምነሣው ከቃል ነው፤ ቃል ደግሞ የእነሱ ብቻ አይደለም።

በፍርድ ቤት አማርኛ፣ ተከሳሽ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የሚሰጠው መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ የወንጀል ችሎት ሳይሆን የሃይማኖት ጉባኤ ነው የመሰለኝ። እስቲ አስቡት፤ እምነትና ክህደት! አንደኛው የሰማዕታት ነው፤ ሁለተኛው ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለው የጴጥሮስ። አንድ ተራ ሰው፣ በግ ሰረቅህ ወይም ጎረቤትህን መታህ ተብሎ የተያዘ ሰው፣ ዳኛ ፊት ሲቆም ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ይባላል።

«አመነ» የምንለው ግሥ ራሱ ሸክሙ ብዙ ነው። በእግዜር አመነ፤ ሰው አመነ፤ ወሬ አመነ፤ ጥፋቱን አመነ። የመጨረሻው ከሌሎቹ ጋር አንድ ቤት ስለሚኖር ጥፋቱን ያመነ ሰው ደግ ነገር የሠራ ይመስለናል። «ካደ» ግን መልካም ዘመድ የለውም። ወዳጁን የካደ፣ ባንዲራውን የካደ፣ ያጎረሰውን እጅ የካደ። በሕጉ ግን «ክዶ ተከራክሯል» ማለት ሌላ ምንም ማለት አይደለም፤ «ዐቃቤ ሕግ ያስረዳ» ማለት ብቻ ነው። ይኸ ልዩነት የቃል ጨዋታ ይመስላል። ሰው ሲነካ ግን አይመስልም፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ጥያቄዬ ይኸ ነው፦ ሰውዬው ከሁለቱም አንዱን ባይልስ? «አዎን፤ ግን…» ቢልስ?

ሕጉ ይህን አስቦበታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 132 እስከ 135 ድረስ ያለውን ክፍል ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶታል። እኔ ያነበብኩት ከአንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛዬ በተዋስኩት፣ ጥጉ በታጠፈ ቅጂ ነው። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተከሳሽ ዝም ካለ ወይም ከካደ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ይመዘገባል። ካመነ በኋላ ግን ማመኑን በአንድ ነገር ካጠረው፣ ማለትም «ግን» ካስከተለ፣ አንቀጽ 133 አሁንም ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ተቆጥሮ ይመዝገብ ይላል። ፍርድ ቤቱ በእምነቱ ብቻ ጥፋተኛ ሊለው የሚችለው ክሱ የቆመበትን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ያለ አንዳች ማጠሪያ ሲያምን ነው፤ ይኸ አንቀጽ 134 ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን ፍርድ ቤቱ ከፈለገ ዐቃቤ ሕጉን «ማስረጃህን አምጣ» ማለት ይችላል። ከፍርዱ በኋላ እንኳ፣ ነገሩ እየተሰማ ሳለ «ይኼ ሰው ለካ አላመነም ነበር» የሚያሰኝ ነገር ከተገኘ፣ ቃሉ ወደ ክህደት ይለወጣል፤ የተሰጠውም የጥፋተኝነት ውሳኔ ይሰረዛል። ይኸ 135 ነው።

ደረቅ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። በሰው አፍ ሲነገር ግን እንዲህ ነው፦

«ላሟን ነድቻለሁ፤ ግን የኔ መስላኝ ነው።»

«መታሁት፤ ግን ቢላ መዞብኝ ነው።»

«ዕቃውን ገዝቻለሁ፤ የተሰረቀ መሆኑን ግን ማን ነገረኝ?»

ሦስቱም «አዎን» ብለው ይጀምራሉ። ከሦስቱ አንዳቸውም አላመኑም። ስርቆት የሌላ ሰው ንብረት መሆኑን አውቆ መውሰድን ይጠይቃል፤ ላሟ የኔ መስላኛለች ያለ ሰው ዋናውን ነገር ክዷል። ቢላ መዞብኝ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል የሚለውን ነው የጠቀሰው፤ ቁጥሩን አያውቀውም እንጂ። ሦስተኛውም እንደዚሁ፤ እጁ ገዝቷል፣ ልቡ ግን አላወቀም።

ሁሉም «ግን» አንድ አይደለም። ለኔ የዚህ ጉዳይ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። «ሰርቄያለሁ፤ ግን የአራት ልጆች አባት ነኝ» ያለ ሰው ምንም አላጠረም። እሱ የሚለምነው ቅጣት እንዲቀልለት ነው። «ግን»ዋ ከወንጀሉ ውጪ ቆማ ታለቅሳለች እንጂ ወደ ውስጥ አትገባም። «ሰርቄያለሁ፤ ግን ርቦኝ ነው» ያለውስ? እሱ አስቸጋሪ ነው። ረሃቡ ለቅጣት ማቅለያ ብቻ ነው ወይስ ሌላ አማራጭ ያልነበረው ሰው ነው? መጠየቅ ያስፈልጋል። «ገድየዋለሁ፤ ግን ሰክሬ ነበር፤ ምንም አላስታውስም» ያለስ? የማያስታውሰውን ነገር እንዴት አመነ እንላለን? ከሰዎች ሰምቶ ነዋ የሚናገረው። ያመነው ምስክሮቹን ነው እንጂ ድርጊቱን አይደለም። (እነሆ «አመነ» እንደገና ትርጉሟን ገለበጠችብን።)

አሁን ወደ ሰው ልመለስ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም የአይሱዙ ሾፌር ነው። ጋሼ ነው የምለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሊመሽ ሲል፣ ሸዋ ውስጥ ወዳለች አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ሲገባ አንድ ጎልማሳ ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ወጥቶ መንገድ ሊያቋርጥ ሲል ገጨው። አልሸሸም። አንሥቶ ወደ ሐኪም ቤት የወሰደው ራሱ ነው፤ ሰውዬው ግን መንገድ ላይ አረፈ። ጋሼ ከሐኪም ቤቱ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

በዋስ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። ይኸንን ሥርዓት ያየ ያውቀዋል፤ ላላየ ልንገረው። ቄሱ መስቀል ይዘው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለው፣ ጋሼ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ። የሟች እናት ደጅ ላይ ተንበረከከና «በድያችኋለሁ፤ ማሩኝ» አለ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እናቲቱ «ድንጋዩን አውርዱለት» አሉ። ከዚያ ተለቀሰ፤ ተበላ፤ ተጠጣ። በዚያ ግቢ ውስጥ «በስንት ትነዳ ነበር?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የሚጠይቅም ቢኖር እንደ ባለጌ ይቆጠር ነበር። ደግሞም ልክ ነው። ሽምግልና የሚፈልገው የወደቀ ሰው ነው፤ እውነቱን መመዘን ሥራው አይደለም።

ከወራት በኋላ ቀጠሮው ደረሰ። ክሱ በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ አንቀጽ 543። ከእናቴ ጋር ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል፤ ከፊታችን የሟች ወንድም ተቀምጧል። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ ለጋሼ ሽበት ብለው መሰለኝ አንቱ አሉት።

«ክሱ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

«ገጭቼዋለሁ፤ እሱ ምን ይካዳል።»

«ጥፋተኛ ነኝ ይላሉ ወይስ አይደለሁም?»

«ጌታዬ፣ ሰው በጄ ሞቶ እንዴት ብዬ ጥፋተኛ አይደለሁም እላለሁ?»

እዚህ ላይ ብዕሩ ሊጽፍ ይችል ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን መዝጋት ጀምሮ ነበር። ዳኛው ግን ዝም ብለው ጋሼን አዩትና «እንዴት እንደተገጨ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» አሉት።

«በቀስታ ነበር የምነዳው፤ ከተማ ነዋ። ከአውቶቡሱ ኋላ ብድግ ብሎ ገባብኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ አልደረስኩለትም።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ባያደርጉ ኖሮ ነው የማይሞተው?»

«በዚያ መንገድ ባልመጣ።»

ዳኛው ለጸሐፊዋ ማስጻፍ ጀመሩ። ተከሳሹ ድርጊቱን ቢያምንም የሰጠው ቃል የቸልተኝነትን ፍሬ ነገር የሚክድ በመሆኑ፣ እንደ ክህደት ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያቅርብ። እኔ የገባኝ በኋላ ነው። ጋሼ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሰማው። ፊቱ ጥቁር አለ። ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ወደ ሟች ወንድም ዞረና «ኧረ አልካድኩም! ጌታዬ፣ እኔ አልካድኩም!» አለ። ችሎት አስከባሪው ዝም አሰኘው።

ልብ በሉ፤ ሕጉ በዚያች ደቂቃ ለጋሼ ትልቁን ውለታ እየዋለለት ነበር። እሱ ግን በሰው ፊት የተዋረደ መሰለው። በዚያ ደጅ «በድያችኋለሁ» ብሎ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እዚህ ደግሞ «ካደ» ተብሎ ተጻፈበት። ወሬው ከኛ በፊት አገር ደረሰ፤ «ዳኛ ፊት ሲቆም ካደ አሉ።» ሽማግሌዎቹ እንደገና ሄደው የሟችን እናት ማስረዳት ነበረባቸው። ምን ብለው እንዳስረዱ አላውቅም፤ ሕጉን እነሱም አያውቁትም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው «ጥፋተኛ» የምትለዋን ቃል ፈታትቼ ማየት የጀመርኩት። መብራት አጠፋ እንላለን፤ ገንዘብ አጠፋ እንላለን፤ ሕይወት አጠፋ እንላለን፤ ልጁ አጠፋ፣ ይቅር በለው እንላለን። አንድ ግሥ ነው። መጥፋትና ማጥፋት፣ ጉዳትና በደል፣ አንድ ሥር ላይ ነው የበቀሉት። ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ የዶርም ጓደኛዬን ብጠይቀው በነሱም «በሌሳ» የሚባለው ጥፋት ማጥፋትና መደምሰስ ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር እንደሆነ ነገረኝ። እንግዲህ ሕይወት ጠፍቷል፤ በማን እጅ? በጋሼ። ስለዚህ ጥፋተኛ ነው። በቋንቋችን ሒሳብ መልሱ ትክክል ነበር። የሕጉ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በአንቀጽ 59 ቸልተኛ የሚባለው ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ያልተጠነቀቀ ወይም ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላሰበ ነው፤ በአንቀጽ 57 ደግሞ ያለ ጥፋቱ፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ማንም አይጠየቅም። «ጥፋተኛ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ የአገሬ ሰው ግን የሚመልሰው ለአንቀጽ 59 አይደለም። ለሟች እናት ነው የሚመልሰው።

ንስሐም አለ። ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ሁሉ በድያለሁ ይላል፤ ቄሱ ያንን ሰምተው ለፖሊስ አይደውሉም። ትሕትናችን በሙሉ የተሠራው ከዚህ ነው፤ ያላጠፋም ቢሆን «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» ይላል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ «ሂስና ግለ ሂስ» የሚል መጣ፤ ወላጆቻችን በየስብሰባው እየተነሡ ራሳቸውን እንዲወቅሱ ይደረግ ነበር። ከልቡ ያለውንና ከፍርሃት ያለውን ማን ይለየው ነበር?

የዚህ ዓይነቱ ነገር አስፈሪው ምሳሌ ግን ከሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ሞስኮ ላይ ሃያ አንድ ሰዎች ችሎት ቀረቡ። በመጀመሪያው ቀን ክሬስቲንስኪ የተባለው የቀድሞ ዲፕሎማት ጥፋተኛ አይደለሁም አለ። በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ሌሊቱን ምን እንደሆነ መገመት የአንባቢ ነው። ቡኻሪን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። ለወንጀሎቹ በጠቅላላው፣ ባውቃቸውም ባላውቃቸውም፣ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ቪሺንስኪ አንድ በአንድ ሲጠይቀው ስለላውን ካደ፤ ሌኒንን ለመግደል አሢረሃል የሚለውን ካደ። ጠቅላላውን አምኖ ዝርዝሩን የካደ ሰው ምን አመነ ይባላል? ባዶ ከረጢት ነው ያስረከባቸው። እነሱ ግን ከረጢቱን ተቀበሉት፤ በዚያው ወር ተረሸነ። ስሙ በይፋ የጸዳው ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የእኛን አንቀጽ 134 ያነበበ ሰው «እያንዳንዱን ፍሬ ነገር» የሚሉት ቃላት ለምን እንደተጻፉ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳው አይኖርም።

«ያ የአምባገነን አገር ነው» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፤ ወደ አሜሪካ እንሂድ። በሰሜን ካሮላይና ሔንሪ አልፎርድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 በግድያ ተከሰሰ። ተከራክሮ ቢሸነፍ ሞት ሊፈረድበት ይችላል፤ ካመነ ግን ክሱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ ይወርድለታል። አልፎርድ ለችሎቱ አልገደልኩም፣ ጥፋተኛ ነኝ የምለው ሞት እንዳይፈረድብኝ ነው አለ። ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ እየተጎተተ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በስድስት ለሦስት ድምፅ ያ ቃል ይጸናል ተባለ። ምክንያታቸው፦ ሰውዬው አስቦበት፣ በጠበቃ ተመክሮ፣ ለጥቅሙ የመረጠው ነው፤ በዚያ ላይ በመዝገቡ ላይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ግዛቶች ከፈለጉ ይህን መከልከል እንደሚችሉም አልደበቁም። አልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 እስር ቤት እያለ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ዓይነት ቃል ግን እስከ ዛሬ በብዙ ግዛቶች አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አርካንሶ ውስጥ ሦስት ሰዎች፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት እስር በኋላ፣ በዚሁ ቃል ተፈቱ፤ ንጹሕ ነን እያሉ፣ በወረቀት ግን ጥፋተኛ ሆነው።

እኔ የአልፎርድን ፍርድ አልወደውም። ነገር ግን አንድ ነገሩን አከብራለሁ፤ ግልጽ ነው። ሰውዬው «አልገደልኩም» ማለቱ መዝገቡ ላይ ተጽፏል፤ ማንም ያላለውን አላስባለውም። ከእሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሳይጻፍ የሚቀረው «ግን» ነው። ጋሼ ዕድለኛ ነበር። ዳኛው ትንሽ ቢቸኩሉ፣ የሚጻፈው «ተከሳሽ ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ያ መስመር ንጹሕ መስመር ነው፤ «ግን» የለበትም፤ ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ቢያነበው ምንም አይሸተውም። ለዚያውም ይግባኙ ከተገኘ ነው። አንቀጽ 185 በራሱ እምነት የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ እንጂ በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ አይልም ይላል። ስለዚህ የዚያች ጠዋት ሦስት ደቂቃ መልሶ የሚከፈት በር አልነበራትም ማለት ይቻላል።

ሕጉን ያዋሰኝ ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ካፌ ተቀምጠን ሻያችን እስኪበርድ ተከራከርን። «አንተ አንድ ደግ አጎት አይተህ ነው» አለኝ። «ዳኛው ተከሳሽን 'ምን ማለትህ ነው፣ እስቲ አስረዳኝ' ማለት ሲጀምር ጠበቃው ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ሁሉም 'ግን' ማለት ሲማር አንድ መዝገብ አይዘጋም። ምስክር ከገጠር በእግሩ እየመጣ ቀጠሮ ተለወጠ ይባላል። የተበዳይስ ጊዜ?» ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። የተበዳይ ዘመድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ለእሱ እያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ ለቅሶ ነው። ጋሼን የሚያውቅ የሟች ወንድም እንኳ በመጨረሻው ቀጠሮ ሳይመጣ ቀርቷል፤ ሰልችቶት ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅነውም።

ግን ለጓደኛዬ አንድ ነገር መለስኩለት። በራሳችሁ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ጥፋቱን አምኖ የተጸጸተ ቅጣቱ ይቀልለታል ትላላችሁ። ይኸ ማረፊያ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም ታውቃለህ? «እመንና ውጣ።» አብሮ የታሰረው ይመክረዋል፤ ዘመድ ይመክረዋል። ጠበቃ የሌለው፣ ደመወዙ በቀን የሚቆጠር ሰው፣ ሁለት ዓመት ተከራክሮ ነጻ ከመውጣት ስድስት ወር ታስሮ መውጣት ቢሻለው ይፈረድበታል? ያ ሰው ሲያምን «ግን»ን ይውጣታል እንጂ አይተፋትም። እሱን የሚያወጣለት የዳኛ ጥያቄ ብቻ ነው። ይኸ ጥብቅና አይደለም፤ ዳኛው የሚያደርገው አንቀጽ 134 ያዘዘውን ፍሬ ነገር በየተራ መጠየቅ ነው። ክሱ ሦስት ፍሬ ነገር ካለው ሦስት ጥያቄ ነው።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረ። «በአስተርጓሚ የሚናገረውስ?» አለኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ክርክሩ በማያውቀው ቋንቋ ለሚካሄድበት ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቁምለት ይላል። ቆሞለት አይተናል። ሰውዬው በሐመርኛ ወይም በአፋርኛ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያወራል፤ እጁን ያወናጭፋል፤ በሬ የሚመስል ነገር በአየር ላይ ይሥላል፤ አስተርጓሚው ወደ ዳኛው ዞሮ «አምኗል» ይላል። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት «ግን» ነበረ?

የጋሼን መጨረሻ ሳልናገር እንዳልቀር። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አቀረበ። አንደኛው የቆመው አውቶቡስ ረዳት ነው። ሰውዬው ከአውቶቡሱ ኋላ እየሮጠ እንደወጣ፣ አይሱዙው በዝግታ ይመጣ እንደነበር ተናገረ። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላንም ፍሬኑ የተያዘበትን ቦታ ያሳይ ነበር። ጋሼ ተከላከል እንኳ ሳይባል በነጻ ተሰናበተ። ሲወጣ ደስ አላለውም። «ነጻ ነህ አሉኝ» አለ ለእናቴ፣ ሌላ ሰው ስለሆነ ነገር እንደሚያወራ ሁሉ። የሟች ተዝካር በደረሰ ቁጥር አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ይወስዳል። እናቲቱ ይቀበሉታል። ከተማዋ ሲደርስ ግን አሁንም ረዳቱ ነው የሚነዳው።

እኔና ጓደኛዬ ክርክሩን ካልጨረስን በኋላ አንድ ነገር ተስማማን። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ክፍል በሌለን ጠዋት እየሄድን ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። በአንደኛው ገጽ ተከሳሹ በአፉ ያለውን፣ በሌላው ዳኛው ያስጻፉትን እንጽፋለን። እሱ አንቀጾቹን ይመለከታል፤ እኔ ግሦቹን። እስካሁን ሦስት ጠዋት ሄደናል። በደብተሬ ግራ ገጽ ካለው አንዱ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ካላችሁ» ይላል። በቀኝ በኩል ምን እንደተጻፈ ገና አልሰማንም፤ ዳኛው ለከሰዓት ቀጥረውታል። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ካለ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን፤ ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ስልኩን ግን ያጥፋ።